አምስት መቶ አሥራ ሰባት ጠብታ

ሸዋ ሮቢት የወረድኩት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ እንጂ ትዝታ ፍለጋ አልነበረም። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ጣርማ በር ላይ ሹራቤን ጠበቅ አደረግኩ፤ ደብረ ሲና ላይ አወለቅኩት፤ ሮቢት ስደርስ የማወልቀው አልቆብኝ ላቤን ብቻ እጠርጋለሁ። ሠርገኛው እስኪሰባሰብ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወጣሁ። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ድሮ የእናቴ ምግብ ቤት ከነበረበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ማራገቢያ የሚሽከረከርበት ጨለምለም ያለ ቤት አየሁና ሱቅ መስሎኝ ዘው አልኩ። ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ደርዘን የሚሆን የፕላስቲክ ወንበር፣ በየወንበሩ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ጎረምሳ። ሁለቱ ኳስ ይጫወታሉ። አንደኛው ጎል ሲገባበት ጆይስቲኩን እየነቀነቀ «ይሄ ነገር አይሰራም!» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ጎል ሲያገባ በገዛ እግሩ የመታው ይመስል ተነስቶ ይጨፍራል። የእኛ ጊዜ ቢሆን በሁለት ደቂቃ ውስጥ አልቅሰው ይወጡ ነበር።

ከጠረጴዛው ጀርባ ጸጉሩን ቀለም የተቀባ፣ ሆዱ ቀበቶውን የሸፈነበት ሰውዬ ተቀምጧል። የታሸገ ውሃ አወጣልኝ። ልከፍተው ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። በትልልቅ ቀይ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «የጋሽ ታዴ ሪከርድ 517። ሮቢት የገባው የመጀመሪያው ጌም።» ከሥሩ የውሃና የማስቲካ ዋጋ አለ። ውሃውን ሳልከፍት ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱም አምስት መቶ አሥራ ሰባት የእኔ ቁጥር ነው። ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለሞተው ባሌም፣ ለልጄም። የጨረስኩበትን ማሽን ሰሌዳ እንኳ እኔ ራሴ አላየሁትም። እንዴት የእኔ እንደሆነና እንዴት ሌላ ሰው ሊያውቀው እንደማይችል ለማስረዳት አርባ ዓመት ገደማ ወደኋላ መሄድ ይኖርብኛል።

ያን ጊዜ ሮቢት ማለት የአሰብ መኪና የሚያልፍባት ከተማ ማለት ነበረች። ኤንትሬው ከነተሳቢው እያጓራ መጥቶ የእናቴ ቤት ፊት ለፊት ይቆማል፤ ሹፌሩ ወርዶ ፊቱን በባልዲ ውሃ ይታጠባል፤ ረዳቱ ጎማውን በብረት ቀጥቀጥ ያደርግና ይገባል። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ፓስታ በስጎ አንድ ብር፤ ቅቅል ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እናቴ ግን ለሹፌሮች ሥጋውን ጨመር ስለምታደርግ ሁሉም እሷ ጋ ነበር የሚያርፈው። ስኳር በራሽን ስለሆነ ማንኪያዋን እናቴ ራሷ ነበረች የምትይዘው። ቴፑ ላይ ሁልጊዜ የሚዘፍነው አንድ ዓይነት ክር ነበር፤ ሙቀት ክሩን አላልቶት ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ይጎትተዋል፤ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ እያሽከረከርን እንመልሰዋለን። የአሰብ ዕቃ የሚባል ነገር ነበረ። ሽቶ፣ የእጅ ሰዓት፣ የሚያብረቀርቅ ሸሚዝ። ኬላ ላይ እንዳይያዝ መቀመጫ ሥር፣ የዱቄት ከረጢት ውስጥ፣ አንዳንዴም ረዳቱ ብብት ሥር ይጓዛል። ዛሬ ልጆቹ ሁሉንም በስልክ ያዛሉ፤ ሲደርሳቸው ደግሞ ቀለሙ አልተመቸኝም ይላሉ።

የከተማው ወጣት ሥራው ጆተኒ ነበር። ከእኛ ቤት አጠገብ ባለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አንዲት ዘንጓ የተጣመመ የጆተኒ ጠረጴዛ ነበረች፤ የአንዱ ቡድን በረኛ ጭንቅላት ስለሌለው በሽቦ ታስሯል። የዚያች ጠረጴዛ ንጉሥ ታደለ ነበር። ታዴ ጆተኒ ይሉታል። ነጭ ቴትሮን ሱሪ፣ ከኋላ ኪሱ የሚወጣ ትልቅ አፍሮ ማበጠሪያ፣ የቻይና ሸራ ጫማ በኖራ የነጣ። ራዲዮ ይጠግናል ይባል ነበር፤ የጠገነው ራዲዮ ግን ከመጠገኑ በፊት የሚያወራውን ያህል አያወራም። ጎል ሲያገባ ዘንጉን ለቆ ጸጉሩን ያበጥራል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነቱን ሰው ለመናቅ የሚመች ዕድሜ ነው፤ እኔም በሚገባ ተጠቀምኩበት። ሴት ልጅ ጆተኒ አትጫወትም ተብሎ አንድ ቀን እንኳ ዘንጉን እንድነካው አልተፈቀደልኝም። ትሪ ይዤ በአጠገባቸው ሳልፍ ግን ስህተታቸውን ሁሉ አይ ነበር።

ጌሙን ያመጣልኝ ጋሼ እንድሪስ ነው። የአሊዩ አምባ ሰው፣ ከአያቶቹ ጀምሮ በንግድ የኖሩ ቤተሰብ ልጅ፣ የአሰብን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ሹፌር። አንድ ቀን ምሳውን በልቶ ሲጨርስ ከሸሚዝ ኪሱ መዳፍ የምታክል ጠፍጣፋ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ ወረወራት። በሁለት ዳርና ዳሯ ቀይ ቁልፍ፣ መሃሏ ላይ መስኮት። መስኮቱ ድብን ብሎ ጠቁሯል።

«ይቺን ለልጄ ብዬ ነበር የገዛሁ» አለኝ። «ከመስታወቱ ሥር አስቀምጫት ወላሂ በረሃው መሃል ሞተች። ጠቆረች። እንቺ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫም አድርጊያት፣ መወርወሪያም።»

«ጋሼ እንድሪስ፣ ምን ያደርግ ነበር?»

«ይጮሃል ልጄ። ሌላ ምን ያደርጋል።»

እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና «ሹፌር ሲሞትበት ነው የሚሰጠን» ብላ ሳቀችበት። ወስጄ ውሃው ጋን ሥር፣ ሁሌ እርጥብ በሆነው አፈር ላይ አኖርኳት፤ ሌላ ቦታ ስለሌለኝ እንጂ አስቤበት አይደለም። ጎህ ሲቀድ ውሃ ልቀዳ ስጎነበስ መስኮቷ ነጭ ሆኗል። ውስጧ ጥቁር ትንሽ ሰውዬ ባልዲ ይዞ ቆሟል። ሙቀት ነበር እንግዲህ ያጠቆራት፤ ጋሼ እንድሪስ እስከዚያ ድረስ ከሦስት ዓይነት በረሃ ጋር ሲኖር የመኪና መስታወት ሥር የሚጠራቀም ሙቀት ምን እንደሚያደርግ አላሰበም። እኔም ጋኑ ባይኖር አላስብም ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ከላይ አራት ቧንቧ አለ። ከእያንዳንዱ ጠብታ ይወርዳል። ሰውዬውን በቁልፍ ወደግራና ወደቀኝ እያመላለስሽ ጠብታውን በባልዲ ትቀበያለሽ። አንድ ጠብታ አንድ ነጥብ። ሦስት ጠብታ መሬት ከነካ አለቀ። ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ሌላ ነፍስ የለም፤ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ኮከብ የለም። አሁን ስልኬ ላይ ያሉት ጌሞች የሚያስጠሉኝ ለዚህ ነው። ሲሸነፉ ስጦታ ይሰጡሻል፤ ሁለት ቀን ካልከፈትሻቸው «ናፍቀሽናል» ብለው ይልካሉ። እኔ የናፈቅኩት ማሽን አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ባልዲ የያዘው ሰውዬም አንድ ቀን አላዘነልኝም። ልጄ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ጌም?» ስትለኝ ይኼን ላስረዳት እሞክራለሁ፤ የአነጋገሬ ቁጣ ብቻ ነው የሚገባት።

ያቺ መዳፍ የምታክል ነገር ቤቱን በአንድ ወር ውስጥ አመሳቀለችው። ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ፤ ጋኑን ተደግፌ እርጥቡ አፈር ላይ እቀመጣለሁ፤ ፀሐይ ግድግዳው ላይ እስክትደርስ እጫወታለሁ። አራቱ ቧንቧዎች አራት ድምፅ ነበራቸው። የመጀመሪያው ወፍራም፣ የመጨረሻው እንደ ትንኝ የቀጠነ። ስትቀበይ ጢጥ ይላል፤ ሲያመልጥሽ ቧ ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ድምፁን ብቻ ሰምቼ እጄ ይሄድ ጀመር። ወጥ እያማሰልኩ ጢጥ ጢጥ ይለኛል፤ የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሁለት ጊዜ ድስት አሳረርኩና እናቴ ጌሙን ምድጃ ውስጥ ልትከተው ደርሳ ነበር። ባትሪ ሲያልቅ ጋሼ እንድሪስ የማስቲካ ወረቀት ውስጥ ጠቅልሎ እንክብል የሚያካክሉ ሁለት ባትሪዎች ያመጣልኛል፤ «በሞተ ነገር ይሄን ያህል የምትለፊ ሴት አይቼ አላውቅም» እያለ። ሞኝ ነበርኩ እንግዲህ። ከሞኝነቴ ግን የሚብሰው ትዕቢቴ ነው፤ ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ወሬው ሲዛመት ጎረምሶቹ ጆተኒያቸውን ትተው ወደ እኛ ቤት ይመላለሱ ጀመር። ሁሉም አንዴ ልሞክር ይላል። እኔም በደግነት እሰጣቸዋለሁ፤ ቀትር ላይ፣ ደጅ ፀሐዩ ውስጥ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም፣ መስኮቷ ከዳርና ከዳር እየጠቆረ ሄዶ ድርግም ይላል። «አየህ?» እለዋለሁ። «በእኔ እጅ ብቻ ነው የምትሠራው።» ከዚያ ጓዳ አስገብቼ ጋኑ ሥር አኖራታለሁ፤ ማታ ላይ በሕዝብ ፊት አወጣትና በነጭ መስኮት ሁለት መቶ አገባለሁ። ያመኑት ብዙ ነበሩ። አንዲት የጎረቤት ሴትዮ እንዲያውም እናቴን «ልጅሽን ጸበል ውሰጂያት» ብላታለች። ሙቀቱን ያወቅኩት እኔ ብቻ መሆኔ አስደስቶኝ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። ታደለ አንድ ቀን ሞክሮ ሲጠቁርበት ማበጠሪያውን አውጥቶ ጸጉሩን አበጠረና «የባትሪ ችግር ነው» ብሎ ሄደ። ራዲዮ ጠጋኙ!

የላብ አደሮች ቀን ደረሰ። ሚያዝያ ማለቂያ፣ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ድንጋይ የሚያፈርጥበት ሰሞን። የቀበሌው ሊቀመንበር ለበዓሉ ውድድር አዘጋጀ፤ ገመድ ጉተታ፣ የጆንያ ሩጫ፣ ዳማ፣ ጆተኒ። የእኔን ነገር ሰምቶ ስለነበር «የኤሌክትሮኒክስ ውድድር» የሚል ጨመረበት። ካኪ የለበሰ፣ ላቡ ኮሌታውን ያረጠበ ሰው ነበር፤ አንድ ቃል ሲወድ ሃያ ጊዜ ይለዋል፣ ያን ቀን የወደደው ቃል ሳይንስ ነበር። ሽልማቱ ሁለት ኪሎ ስኳርና የምስክር ወረቀት። ስኳሩን እናቴ አየችው፤ እኔ ወረቀቱን። እዚያ ወረቀት ላይ ስሜ በማኅተም ተጽፎ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ሹፌሮች ሁሉ የሚያዩት ቦታ ላይ ሲሰቀል ታየኝ። ታዴ ጆተኒ አጎንብሶ ሲያነበው ታየኝ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ዓለም ላይ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ሕዝቡ እንዲያይ ጠረጴዛው ከቀበሌው አዳራሽ ደጅ፣ ፀሐዩ ላይ እንዲቀመጥ። መዳፍ የምታክል ማሽን ከሁለት እርምጃ በላይ ማን እንደሚያያት እግዜር ይወቀው። ሁለተኛ፣ ወንዶች ይቅደሙ ሴቶች ይከተሉ። ሴት ማለት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና የዛፉ ጥላ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ፣ ወንዶቹ ተጫወቱ። አብዛኞቹ ሃምሳ ሳይደርሱ ወደቁ። ታደለ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሊወድቅ ነው ብዬ ስጠብቅ አልወደቀም። መቶ አለፈ፤ ሁለት መቶ አለፈ። ሦስተኛው ጠብታ ሲያመልጠው ሰሌዳው ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ይላል። የቀበሌው ጸሐፊ በደብተሩ ጻፈው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ታደለ ተነስቶ አበጠረ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ። ስለ ሳይንስ ሦስት ሰዓት ያህል ተናገረ። ድምፅ ማጉያው ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ተናገረ፤ ካለቀም በኋላ ተናገረ። የዛፉ ጥላ ከጠረጴዛው ላይ እየሸሸ ሲሄድ እኔ ቆሜ አያለሁ፤ አፌን ከፍቼ «ማሽኗን ጥላ ሥር አድርጓት» ለማለት አልቻልኩም። ብል ምስጢሬ ያልቃል፤ በእኔ እጅ ብቻ ትሠራለች ያልኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተጠራሁ። ቁልፉ ጣቴን ያቃጥላል። ሰሌዳው ላይ መቶ አርባ ስደርስ ጥቁረቱ ከዳር ጀመረ፤ ሁለት ቧንቧ ሸፈነ፣ ከዚያ ባልዲውን፣ ከዚያ ሁሉንም። ማሽኗ ግን አልሞተችም። ጢጥ ትላለች። አንስቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኳትና በሁለት አውራ ጣቴ መጫወቴን ቀጠልኩ።

«ስልክ ታወራለች!» አለ አንዱ፤ ሕዝቡ ፈነዳ። ታደለም ሳቀ፤ ጥርሱ ሁሉ ታየኝ። አልቆምኩም። ወፍራሙ፣ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው፣ ቀጭኑ። ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝን በልቤ ቆጥሬ አለፍኩ። አራት መቶ። አምስት መቶ። በመጨረሻ ሦስተኛው ቧ ሲል አምስት መቶ አሥራ ሰባት ላይ ነበርኩ። ከማንም ጋር ልወራረድ እችላለሁ፤ ስቆጥር አንዲትም አልሳትኩም።

ማሽኗን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና «ጨርሻለሁ፤ ቁጥሩን ራሷ ትነግራችኋለች» አልኩ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን መስኮት አየ።

«አቃጠልሻት እኮ!»

«አልተቃጠለችም ጓድ። ሙቀት ነው። ጥላ ሥር ሲያስቀምጧት ይገለጣል።»

«በአንቺ እጅ ብቻ ነው የምትሠራው አላልሽም እንዴ?» አለ ከሕዝቡ መሃል አንዱ፤ ሁሉም እንደገና ሳቀ። በገዛ አፌ ያዙኝ። ቁጥሩን ብናገርም ማን ይሰማኛል፤ ትሪ አመላላሽዋ ልጅ በጆሮዋ ቆጠርኩ አለች ብለው ሊስቁ። ስለዚህ ቁጥሩን ዋጥኩት። ሊቀመንበሩ «ታደለ ኤሌክትሮኒክስ ያውቃል፤ ውሃው በርሜል ጋ ወስዶ ይመርምረው» አለ። ታደለ ወሰዳት። ከአዳራሹ ጀርባ ሄዶ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲመለስ በአንድ እጁ ማሽኗን፣ በሌላው እጁ ሁለቱን ትንንሽ ባትሪ ይዟል።

«ባትሪዎቹ ፈነዱ። ሞታለች» አለ።

ባትሪው ከወጣ ቁጥሩ ይጠፋል። ይኼን እኔ አውቃለሁ፤ ይኼ ማበጠሪያ ይዞ የሚዞር ሰውዬ አያውቅም። ሙቀት ያጠቆረውን ነገር ባትሪ አውጥቶ ሊያክም የሚነሳ ድንቁርና! አምስት መቶ አሥራ ሰባት ጠብታ ባልዲው ውስጥ ከነበረበት አፈሰሰው። ታዴ ጆተኒ በሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት አሸናፊ ተባለ፤ ስኳሩንም ወረቀቱንም ወሰደ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ንግግሩ ደስ ስላለው ይሁን ስላላለው አይታወቅም፣ «ይሄ ዕቃ ከየት ነው የገባው?» ብሎ ጠየቀ፤ የጋሼ እንድሪስን ስም ላለማንሳት «መንገድ ላይ አገኘሁት» አልኩ። ለምርመራ ተብሎ ቀበሌ ቀረ። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም። ጋሼ እንድሪስ በሚቀጥለው ጉዞው ነገሩን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሲጀመርም ሞታ ነበር እኮ ልጄ» አለኝ። «አልሃምዱሊላህ በይ፣ አንቺ አልተያዝሽም።»

ያቺን ታሪክ ለአርባ ዓመት ስነግር ኖሬአለሁ፤ ቁጥሩን ሳልጨምር። ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሽቦ ለጥፌ ስሠራም ነግሬአታለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ «ያን ጊዜም ስልክ ታወሪ ነበር ማለት ነው» ብለው ይስቃሉ። የታሪኩ ጀግና ሁልጊዜ ታደለ ነበር፤ ማለትም ጅሉ። አንድ ከተማ ሙሉ በአንድ ጅል እጅ ወድቃ ምን እንደምታጣ ማሳያ አድርጌ ነበር የማወራው። ልጄ ሒሳብ ሲያቅታት፣ ባሌ መብራት ሳያጠፋ ገመድ ሲቀጥል፣ «ታዴ ጆተኒ አትሁኑ» እላለሁ። ጅል ሲናቅ ሰው አይጎዳም፤ እንቅልፍም አይነሳም። እኔም በዚያ ንቀት ውስጥ ተመችቶኝ ኖርኩ።

ፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ ቆሜ ያን ቀይ ቁጥር ሳይ ይኼ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ጎል ሲያገባ የሚጨፍረው ጎረምሳ ግድግዳውን ማየቴን አየና ሊያስረዳኝ ዞረ።

«እማማ፣ ጋሽ ታዴ በደርግ ጊዜ የመጀመሪያው ጌመር ነው እኮ። ሪከርዱን እስካሁን ማንም አልሰበረውም። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ማሽኑን አቃጠለችበት እንጂ።»

ሰውዬው ከጠረጴዛው ጀርባ ትንሽ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው የለመደው ነው።

«ይሄ ቁጥር የማን ነው?» አልኩት።

«የእኔ ነው እትዬ። ያሳለፍነውን ጊዜ ልጆቹ እንዲያውቁት ብዬ ነው የጻፍኩት። ይቀመጡ እንጂ፣ ውሃዎን ይጠጡ።»

«ያንተ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ነበር።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ። ብዙ አየኝ። ሽበቴን፣ ነጠላዬን፣ ያልከፈትኩትን ውሃ። «ስንዱ?» አለ ዝቅ ብሎ። «የባለ ምግብ ቤቷ የወርቄ ልጅ?»

ከቤቱ ጎን፣ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ወንበር አወጣልኝ። እሱ ቆሞ ቀረ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱን ይዳብሳል፤ ማበጠሪያውን የሚፈልግ መሰለኝ፤ ጸጉሩ ሳስቶ ማበጠሪያ የማያስፈልገው ሆኗል።

«አይተሃል» አልኩት። ጥያቄ አልነበረም።

«አይቻለሁ።» አለ። «በርሜሉ ሥር ጥላው ውስጥ አኖርኳት። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ጥቁረቱ ከዳር ዳር ሸሸ። መጀመሪያ ባልዲው ታየ፣ ከዚያ አምስቷ፣ ከዚያ አንዷ፣ ከዚያ ሰባቷ። በጆሮሽ እንደተጫወትሽ ያን ጊዜ ገባኝ። የሚቻል ነገር አልመሰለኝም ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ባትሪውን አወጣሁት።»

«ለምን?»

መሬቱን አየ። «ታዴ ጆተኒ ነበርኩ እኮ ስንዱ። በሴት ልጅ፣ ያውም ማሽኑን ሳታየው…» አልጨረሰውም። ሊጨርሰው ያልቻለውን እኔም አልጨረስኩለትም።

«ግድግዳው ላይስ? የራስህን መጻፍ አቅቶህ ነው?»

«ቤቱን ስከፍት የራሴን ልጽፍ ብሩሽ ይዤ ቆምኩ። ሌላ ቁጥር አልመጣልኝም። እሷ ብቻ ናት የምትመጣልኝ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ደንቆሮ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ደንቆሮ አልነበረም። እኔ ጎህ ሲቀድ ጋን ሥር ያገኘሁትን ነገር እሱም በርሜል ሥር በሩብ ሰዓት ውስጥ አግኝቶታል፤ ከዚያም ወዲያ ሄዶ የማሽኗን ሆድ ከፍቷል። ያን ሁሉ ዘመን ለአንድ ጅል የማይገባውን ክብር የነፈግኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለአንድ ሌባ የማይገባ ምሕረት ስሰጠው ነው የኖርኩት። ተናደድኩ። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ በሃምሳ ምናምን ዓመቴ፣ እንደ አሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ተናደድኩ።

«ላጥፋው?» አለኝ። «ስምሽን ልጻፍበት?»

«ስሜን? ከማስቲካ ዋጋ በላይ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የራስህን ጻፍ።»

ገባን። ልጆቹ ጨዋታቸውን አቁመው ያዩናል። ከመሳቢያው ወፍራም ማርከር አወጣ፤ ወንበር ላይ ቆሞ አምስት መቶ አሥራ ሰባትን ቀስ ብሎ ሰረዘ፤ ከጎኑ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ወርዶ ራቅ ብሎ አየው። ያ የሚጨፍረው ጎረምሳ መጀመሪያ ሳቀ። «ይሄ ነው እንዴ ጋሽ ታዴ? በዚህ ነው ስትፎክርብን የኖርከው?» ሁሉም ተከተለው፤ ጆይስቲካቸውን ጥለው ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ታደለ ከጠረጴዛው ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ። ውሃዬን ከፍቼ ጠጣሁ፤ ሞቆ ነበር።

እኔ አልሳቅኩም። ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ደህና ቁጥር ነበር። ከእኔ በቀር በዚያ ቆላ ሁሉ ያንን ያገባ ሰው አልነበረም። ይኼን ግን አልነገርኩትም፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሠርጉ ሄድኩ።